የአቶ ዓለምሰገድ ሳቅ እንዴት ተገኘ

ስሙማ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ወሬ ነው። ካቋረጣችሁኝ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።

ብርድ በማይለቃት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ዓለምሰገድ ከሞቱ ሠላሳ ስምንት ቀን ሆኗቸዋል፤ አርባቸው ቅዳሜ ይወጣል። ወይዘሮ ደብሪቱ ከቀብሩ ወዲህ ምንም አልፈለጉም። ምግብ ሲቀርብ አልፈለጉም፣ ጸሐይ ውጡ ሲባሉ አልፈለጉም፣ ጉልበታቸውን የሚያሽ ሰው ሲመጣ አልፈለጉም። ሐሙስ ጠዋት ግን አንድ ትንሽ ነገር ፈለጉ።

«ናርዲ» አሉ ልጃቸውን፣ «ለአርባው የሚቆመው ፎቶ ያ የመታወቂያው እንዳይሆን። እሱ ላይ አባትሽ ሊታሰር የቆመ ነው የሚመስለው። የሚስቅበትን አውጪልኝ።»

«የቱን፣ እማዬ?»

«ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያስተካክል አንቺ ያነሳሽውን። እኔ ከታች ሆኜ ትወድቃለህ ስለው የሳቀውን።»

ናርዶስ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ከመጽሐፍ ቀና የማትል፣ ሰው ፊት አንደበቷ የሚተሳሰር ልጅ ናት። ለቅሶ ደራሽ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት እንኳ መልሱ ከጉሮሮዋ አይወጣም። ከዕቃ ጋር መነጋገር ግን አይከብዳትም። «እሺ» አለችና ሳሎን ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ፎቶ ቤቱ «እስከ ነገ አራት ሰዓት ካልደረሰኝ ለቅዳሜ አልችልም» ብሏል።

ሳሎኑ የሐዘን ቤት ሳሎን ነው። ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፣ ሬዲዮው ቁም ሣጥን ገብቷል። ኮምፒውተሩን ግን የሟች ታላቅ እህት እትዬ አሰገደች «ይሄ የልጅቷ ደብተር ነው፣ አይዘፍንም» ብለው አልፈውታል። ፎቶዎቹ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይደለም ያሉት። አቶ ዓለምሰገድ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከወዳደቀ ዕቃ ራሳቸው የገጣጠሙት፣ ስክሪን የሌለው ሌላ ኮምፒውተር አለ። የቤቱ ፎቶ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ሳሎን ሆኖ «የጋራ» የሚለውን ፎልደር ሲጫኑት በገመድ ይመጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

ናርዶስ «የጋራ»ን ተጫነችው።

«ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር፣ ፎቶውን አሳየኝ፤ እማዬ የአባዬን ሳቅ ፈልጋለች።»

ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ። «አላሳይም» አለ፤ «መንገዱ አልተገኘም።»

አጠፋችው። አበራችው። «መንገዱ አልተገኘም» አለ። እንደገና አጠፋችው፣ መቶ ድረስ ቆጠረች፣ አበራችው። «ነገርኩሽ እኮ» የሚል ይመስል ያንኑ ጻፈላት።

ሁለቱን ኮምፒውተሮች አገናኝቶ መንገዱን የሚሰጠው ራውተሩ ነው፤ ራውተሩም ያለው ጓሮ ነው። ገመዱን እየተከተለች በመስኮት ወጣች ማለት ይቀላል፤ ገመዱ በመስኮት ወጣ፣ እሷ በበር ዞረች። የሥራ ክፍሉ መስታወት ላይ ግንባሯን ለጥፋ ወደ ውስጥ አየች። መደርደሪያው ላይ፣ ቀንም ሌትም አረንጓዴ ሲያበራ የኖረው ራውተር ጨልሟል።

«ራውተር፣ ራውተር፣ መንገድ ስጥ! ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ እማዬም የአባዬን ሳቅ አላየችም።»

«አልሰጥም» አለ ራውተሩ፤ «መብራት አልደረሰኝም።»

መብራት ሄዶ ይሆን? ናርዶስ ዞር ብላ ወደ ሳሎን አየች፤ አምፖሉ በርቷል። የጎረቤት ወፍጮም ያጓራል። መብራትስ አልሄደም። ከመደርደሪያው በታች ስታይ፣ የመብራቱ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል።

«ገመድ፣ ገመድ፣ መብራት አድርስ! ራውተሩ መንገድ አይሰጥም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ እማዬም የአባዬን ሳቅ አላየችም።»

«አላደርስም» አለ ገመዱ፤ «የነቀለኝ እጅ ነው፤ የሚሰካኝም እጅ ነው። ገብተሽ ስኪኝ።»

ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አባቷ በሕይወት ሳሉ ይህ በር ጓጉንቸር አያውቅም፤ መግፋት ብቻ ነበር።

«በር፣ በር፣ አሳልፈኝ! ገመዱ መብራት አያደርስም፣ ራውተሩ መንገድ አይሰጥም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ እማዬም የአባዬን ሳቅ አላየችም።»

«አላሳልፍም» አለ በሩ፤ «ተቆልፌያለሁ። ቁልፉ ያለበትን እኔም አላውቅ።»

ናርዶስ ግን ታውቃለች። ቁልፉ ያለው እትዬ አሰገደች መቀነት ጫፍ ላይ ነው፤ ሲቀመጡ ይታያል፣ ሲነሱ ይወዛወዛል። እትዬ አሰገደች አጥሩ ሥር ጸሐይ ላይ ተቀምጠው ለአርባው የሚሆን ምስር ይለቅማሉ። ናርዶስ በሩቅ ቆመች፤ ቁልፉን በዓይኗ ለመነችው።

«ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ነይልኝ! በሩ አያሳልፍም፣ ገመዱ መብራት አያደርስም፣ ራውተሩ መንገድ አይሰጥም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ እማዬም የአባዬን ሳቅ አላየችም።»

«አልመጣም» አለች ቁልፏ፤ «ሦስት ጊዜ ተቋጥሬያለሁ። ጠይቂያቸው እንጂ።»

የዕቃ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ሰው ነው። ናርዶስ ጨነቃት። ትመለስና ለእናቷ «የመታወቂያው ይሁን» ትላቸው ይሆን? ግን ቀረብ አለች።

«እትዬ…»

«ጮክ በይ፣ ልጄ። ከምስሩ ጋር ነው እንዴ የምታወሪው?»

«እትዬ፣ ቁልፉን ይፍቱልኝ።» ከዚያ አንድ ጊዜ የጀመረችውን ላለማቋረጥ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፦ «ቁልፉ ካልተፈታ በሩ አያሳልፍም፣ በሩ ካላሳለፈ ገመዱ መብራት አያደርስም፣ ራውተሩ መንገድ አይሰጥም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ እማዬም የአባዬን ሳቅ አላየችም።»

እትዬ አሰገደች ሰፌዱን አስቀመጡ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ወንድሜ በወጣበት ቀን፣ አስከሬኑ ከደጅ ሳይርቅ፣ ያ ነገር እንደ ሰርግ ቤት አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል! ለቀስተኛ ቢያየው ምን ይላል? ሬዲዮኑንም ዘጋሁ፣ እሱንም ነቀልኩ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይዘፍንም። መንገድ ነው።»

«መንገድ ከሆነ ምን ያስጨፍረዋል?»

እትዬ አሰገደች ልጅቷን ከታች እስከ ላይ አዩዋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለፎቶው ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ቁልፉ ግን የኔ አይደለም። ነቅዬ ስወጣ እናትሽ ናት ቆልፊው ያለችኝ። ማንም እንዳይገባ ብላ አስምላኛለች። ከአፏ ካልሰማሁ አልፈታም።»

ናርዶስ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ከኮምፒውተሩ እስከ እናቷ ፍራሽ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ያን ቀን ግን ከጓሮው ራቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«አወጣሽው?»

«እማዬ፣ ክፍሉ ይከፈት በይ። አንቺ ካላልሽ እትዬ ቁልፉን አይፈቱም፣ ቁልፉ በሩን አይከፍትም፣ በሩ አያሳልፍም፣ ገመዱ መብራት አያደርስም፣ ራውተሩ መንገድ አይሰጥም፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን አያሳይም፣ አንቺም የአባዬን ሳቅ አታዪም።»

«አልልም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«እማዬ…»

«አልልም አልኩሽ! ይቅር። የመታወቂያው ይሁን።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሽታው እዚያ ነው» አሉ። «ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ነው። ያ የሚበይድበት ቆርቆሮ፣ ያ ዘይቱ… ከከፈትሽው በአንድ ቀን ነፋስ ይወስደዋል። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ናርዶስ እንደ ልማዷ «እሺ» ብላ ልትነሳ ነበር። ግማሽም ተነስታለች። ግን እንደዚያ ተንጠልጥላ ቀረች።

«እማዬ፣ የፈለግሽውም አንቺ ነሽ፣ የከለከልሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ከዚህ ወዲያ ማንን ልለምን?»

ከአፏ የወጣው ራሷን አስደነገጣት። ለእናቷ እንዲህ ብላ አታውቅም። ወይዘሮ ደብሪቱም ዞር ብለው አዩዋት።

«ሽታውንና ሳቁን ምረጪ ነው የምትዪኝ?»

«አይደለም።» ናርዶስ አቀረቀረች። «ሽታው የለም፣ እማዬ። ሰኞ ዕለት በበሩ ሥር ተኝቼ አሸተትኩ። አቧራ ነው። ማክሰኞም አሸተትኩ።»

ውጭ ወፍጮው ያጓራል።

«እኔም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ምን?»

«እኔም ትናንት ሁላችሁም ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ። በዚህ ጉልበቴ። መነሳት አቅቶኝ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆየሁ።» ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። «አቧራ ነው። እውነትሽን ነው። እንግዲህ ይከፈት።»

ናርዶስ ወደ ደጅ ሮጠች። «ይከፈት አለች!»

እናት ይከፈት አሉ፤ እትዬ አሰገደች ሦስቱን ቋጠሮ ፈቱ፤ ቁልፏ ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ በሩ አሳለፈ፤ ገመዱ ተሰካ፤ ራውተሩ አንድ አረንጓዴ አበራ፣ ሁለት አረንጓዴ አበራ፣ ሦስት አረንጓዴ አበራ፤ ናርዶስ ወደ ሳሎን ሮጣ «የጋራ»ን ተጫነች። ኮምፒውተሩም እንዲህ አለ፦

«መንገዱ ተገኝቷል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ግን አይመልስም።»

የአቶ ዓለምሰገድ ኮምፒውተር ጠፍቷል። መብራት የሚያገኘው ከራውተሩ ጋር በአንድ ገመድ ስለነበር፣ እትዬ አሰገደች ያን ቀን ሲነቅሉት እሱም አብሮ ጠፍቶ ነበር። የሚያስነሳው አንድ የማብሪያ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለች፣ አንድ ጣት የምትበቃት። ያችን ቁልፍ ከአቶ ዓለምሰገድ ሌላ ማንም ተጭኗት አያውቅም። ናርዶስ ወደ ጓሮ ተመልሳ ጣቷን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ከኋላዋ የሚጎተት ጫማ ሰማች። ወይዘሮ ደብሪቱ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዙ ጓሮ ድረስ መጥተዋል፤ እትዬ አሰገደች በክንዳቸው ደግፈዋቸዋል። ደፍ ላይ ቆሙ። አየሩን ሳቡ። ካፖርቱን አዩት፤ አልነኩትም።

«የቷ ናት?»

«ይቺ፣ እማዬ።»

ተጫኗት። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ከዚያ ማንሾካሾክ ጀመረ።

«ይሄ ድምፁ እስከ መኝታ ቤት ይሰማኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ያናድደኝ ነበር። ስክሪኑን ነቅሎ ሳሎን ያስገባልኝ እኔ እዚህ ድረስ በጉልበቴ እንዳልመላለስ ብሎ ነው። ይኸው ተመላለስኩ።»

ሦስቱም ሳሎን ገቡ። ናርዶስ ተጫነች። ፎልደሩ ተከፈተ፤ ፎቶው ተገኘ። በመስኮት የሚወጣው ገመድ ያረጀ ስለሆነ ፎቶው በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ከዚያ የዲሹ ጠርዝ። ከዚያ ሽበት፣ ግንባር፣ በሳቅ የተጨፈኑ ዓይኖች። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። በመጨረሻ አፉ መጣ።

«ጥርሱ!» አሉ እትዬ አሰገደች። «ያቺ የጎደለችው ጥርሱ! ልጆች ሳለን እኔ ነኝ በድንጋይ ያወለቅኩለት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረብኝም።» ብለው እዚያው ቁጭ አሉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀም።

ወይዘሮ ደብሪቱ አላለቀሱም። እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ «ለፎቶ ቤቱ ውሰጂለት» አሉ፤ ናርዶስ በፍላሽ ገልብጣ ወጣች።

ቅዳሜ አርባው ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ቆመ፤ ሰዉም እየተጠጋ አየ። ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንበስ አሉ።

«አይክፋዎትና እመቤቴ፣ ለአርባ የሚስቅ ፎቶ ያቆመ አይቼ አላውቅም። ምነው?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና አሉ። ናርዶስ ከአጠገባቸው እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉት፣ አባቴ» አሉ። «እኛ እናልቅስለት፤ እሱ ይሳቅልን።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከፎቶው ፊት ለፊት ቦታ ፈልገው ተቀመጡ።

የእኔ ይኸው ነው፤ እናንተም ያላችሁን አምጡ።