የደብሬ ጊታርና የጓንጉል እሾህ

ዓመቱ 2008 ነበር፤ ወሩ ሰኔ። ዝናቡ አንዴ ጥሎ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ነፋስ ብቻ ነበር።

ያ ነፋስ በሚነፍስበት መንደር ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ዓይኑ ግን አያርፍም። ዶሮ ከተንጫጫች ሌባ መጥቷል፤ ውሻው ዝም ካለም ሌባ መጥቷል።

ሃያ ዓመት የሞላት ልጁ ደብሬ ቤዝ ጊታር ትሠራለች። ገላውን ከዋንዛ ጣውላ በመጥረቢያ ጠረበች፤ አንገቱን ከተሰበረ ሞፈር በቢላ ላገች፤ ቀዳዳውን በጋለ ብረት በሳች። ለክር የሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ወጠረች። ከተቃጠለ ዲናሞ ቀጭን ሽቦ ፈትታ ሦስት ሺህ ጊዜ ጠመጠመች። የቀራት የክሩን ንዝረት ለተጠመጠመው ሽቦ የሚያቀብል አንድ ማግኔት ነው። ቅዳሜ የከተማው የሙዚቃ ቡድን ሰው ይመርጣል፤ ቤዝ የሚመታ የለውምና መሣሪያውን ይዞ የመጣ ይገባል ተብሏል።

“ማግኔት ማን ጋ አለ?” አላት ሰኞ ጠዋት።

“ራዲዮ ጠጋኙ ቢያድግ ጋ። አልሰጠኝም፣ አባዬ።”

“ለምን?”

“እንጃ።”

ጓንጉል እንጃ የሚል ቃል አይወድም። ራዲዮ ጠጋኙ ደግሞ ወንደላጤ ነው። ዱላውን አንሥቶ ራሱ ሄደ።

“ጋሼ፣ ማግኔቱ እዚህ ስፒከር ውስጥ ነው” አለው ቢያድግ። “በምን ላይ ልፍታው? ጠረጴዛዬ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። አናጺው ያቁምልኝና ትውሰድ።”

“ማን ሰበረው?”

“ፍየል።”

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ የፍየል ኮቴ ፈለገ። ከዚያ ሄደ። ጠረጴዛው ካልቆመ ማግኔቱ አይወጣም፤ ማግኔቱ ካልወጣ ጊታሩ አይጮህም።

አናጺውን ልንገረውን ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

“ጠረጴዛውን ለምን አታቆምም?”

“መሮዬ አፉ ተሰብሯል። በጥርሴ ልፈልፍለው? ቀጥቃጩን ጠይቀው።”

መሮውን ተቀብሎ በፀሐይ አየው። እውነትም ተሰብሯል። ይህም አጠራጠረው። መሮው ካልተሳለ ጠረጴዛው አይቆምም፤ ጠረጴዛው ካልቆመ ማግኔቱ አይወጣም፤ ማግኔቱ ካልወጣ ጊታሩ አይጮህም።

ቀጥቃጩ አየለ ከሰሉ ቀዝቅዞ ቁጭ ብሏል።

“መሮውን ለምን አትስልም?”

“ወናፌ ተቀዷል። እፍ ብዬ ላግለው እንዴ? ወይዘሮ አትጠገብ ለስላሳ የፍየል ቆዳ አላት፤ ብለምናት እምቢ አለችኝ። አንተ ጎረቤቷ ነህ፣ ሞክራት።”

ጓንጉል ወናፉን ገልብጦ በቀዳዳው ጣቱን ሰደደ። ሦስቱም ተማክረውብኛል አለ በልቡ። ቆዳው ካልተገኘ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መሮው አይሳልም፤ መሮው ካልተሳለ ጠረጴዛው አይቆምም፤ ጠረጴዛው ካልቆመ ማግኔቱ አይወጣም፤ ማግኔቱ ካልወጣ ጊታሩ አይጮህም።

ወይዘሮ አትጠገብ እንስራዋን ከጀርባዋ እያወረደች ነበር። ከእንስራው ሥር ቆዳው አለ።

“ቆዳውን ፈልጌ ነው” አለ ጓንጉል።

“እና ጀርባዬን ምን ላልብሰው? ውኃ የምቀዳው ጋራውን ዞሬ ነው። እንስራው ላጠኝ እኮ።”

“ምንጩ እዚሁ ታች አይደል?”

“መንገዱ በእሾህ ተዘግቷል።”

“ማነው የዘጋው?”

ሴትዮዋ አየችው። አየችው። “አንተው ነሃ! ሰው ጠርተሽ አስመስክሪ ብትለኝም አስመሰክርብሃለሁ” አለች።

አስታወሰ። ባለፈው መስከረም ከማሳው ስምንት እሸት በቆሎ ጠፋ። የሚያልፈው ሁሉ ሌባ መሰለውና በማሳው ካብ መሐል ወደ ምንጩ የምታወርደውን መተላለፊያ በቀጋ እሾህ ዘጋት። እሾሁ ካልተነሣ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ ቆዳው አይገኝም፤ ቆዳው ካልተገኘ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መሮው አይሳልም፤ መሮው ካልተሳለ ጠረጴዛው አይቆምም፤ ጠረጴዛው ካልቆመ ማግኔቱ አይወጣም፤ ማግኔቱ ካልወጣ የገዛ ልጁ ጊታር አይጮህም።

ሳይናገር ወርዶ እሾሁን በመንሽ ጎተተ። ከሥሩ፣ ካቡ ግርጌ፣ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ አፍ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳና ሁለት የጃርት እሾህ ወድቋል። ቆረቆንዳውን ቆጠረ፤ ስምንት ነው። ደግሞ ቆጠረ። ያኔ የሰው ዱካ ሲፈልግ ከካቡ ሥር አላየም ነበር።

“አሁን እለፊ” አላት እንስራዋን ይዛ የተከተለችውን ወይዘሮ አትጠገብን።

“አንተስ እንደ ዘበኛ ትቆምብኛለህ?”

“አልቆምም።”

መንገዱ ተከፈተና ወይዘሮ አትጠገብ ቆዳውን ሰጠች፤ ቆዳው ተሰፋና ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ነፋና መሮው ተሳለ፤ መሮው ተሳለና ጠረጴዛው ቆመ፤ ጠረጴዛው ቆመና ማግኔቱ ወጣ። ደብሬ ማግኔቱን ከክሩ ሥር ቀብራ፣ ጊታሩን ከአሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝታ፣ ወፍራሙን ክር ነካችው።

ጓንጉል ሜዳ ላይ ነበር። እንደ በሬ የሚያገሳውን ድምፅ ሲሰማ በሬው የተነዳበት መስሎት እየሮጠ መጣ። በሬዎቹ ሁለቱም ቆመው ያመነዥካሉ። በቤቱ በር ገብቶ ልጁን አያት፤ ጊታሩን አየ፤ ሰው ተደብቆበት እንደሆነ ቴፑን ዞሮ አየ።

“ድገሚው” አላት።

ደገመችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንፊት ተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ እንድትሄድ ፈቀደ፤ ከእሷ ጋር ግን እስከ ከተማው በር ሄደ። የሙዚቃ ቡድኑ መራጭ ሰማት፤ ስሟንም ጻፈ። ጓንጉል ሲመለስ ያነሣውን የቀጋ እሾህ ተሸክሞ ወረደ። የጃርቱን ጉድጓድ ጠቅጥቆ ደፈነበት። መንገዱን ግን እንደተከፈተ ተወው።