የእድሩ ዳኛና መልስ የሚጠብቀው መሣሪያ

አንድ የእድር ዳኛ ነበር። ስሙ አቶ ዘርጋው ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ እድሩን ሲመራ ድንኳን ጠፋ፣ ወንበር ጎደለ፣ ቀባሪ ታጣ ተብሎ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ያከብረዋል፤ እሱም መከበሩን ያውቃል። እንዲያውም ማወቁ ትንሽ ይበዛበት ነበር።

ይህ ዳኛ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። አባል ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ጋሽ ሳህሌ ማለዳ ተነስቶ ከአስፋልቱ ዳር እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ሦስት ቀብር የቀረ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። «አልሰማሁም» የሚል ሲመጣ የአቶ ዘርጋው መልስ አንድ ነው፤ «ጡሩንባው ተነፍቷል።» በዚህች ቃል ስንቱን አፉን አስይዞ መልሷል።

ወይዘሮ አጸደ የምትኖረው ከሰፈሩ ጥግ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ መግቢያ ውስጥ ነው። ባሏ ለገሰ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት ሆኖት ስለነበር ደጅ ወጥታ ወሬ የምትሰማበት ጊዜ የላትም። ሦስት ቀብር ቀረች። ስሟ ተፋቀ። መፋቁንም የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ዳኛው ደጅ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ጨክኜ አልቀረሁም። ጡሩንባው እኛ ጋ አይሰማም። ያ ወፍጮ ከተተከለ ወዲህ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሳው። እንኳን ጡሩንባ፣ እኔና ባሌም የምንደማመጠው ተጯጩኸን ነው።»

«ጡሩንባው ተነፍቷል፣ አጸደ።»

«መነፋቱንማ ይነፋ ይሆናል፤ ግን...»

«እንግዲያውስ ጨርሰናል» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

በሁለተኛው ወር ለገሰ አረፈ። አጸደ እንደገና መጣች፤ አሁን የፈለገችው ድንኳኑን ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡም ዶፍ። «ስሜ ተፍቆ ይቅር፣ ድንኳኑን ብቻ ለሦስት ቀን ያውሱኝ» ብላ ለመነችው። አቶ ዘርጋው ግን «ለአንቺ ብዬ ሕግ ካፈረስኩ ነገ ማንን ልከለክል ነው?» ብሎ መለሳት። ለቀስተኛው አንዲት ሸራ ሥር ተጠጋግቶ፣ ግማሹም ዝናብ እየወረደበት ቆሞ ዋለ። ሬሳውን የተሸከሙት ሁለት ጎረቤቶችና የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ዳኛው ረሳው።

ከአራት ወር በኋላ አቶ ዘርጋው በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ እየተናገረ ሳለ ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። ትልቅ ሆስፒታል ወሰዱት። ልብህ እየዘገየ፣ አንዳንዴም ጭራሽ መምታት እየረሳ ነው ተባለ። ፔስሜከር የሚባለውን፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል የልብ ምት መቀስቀሻ በደረቱ ቆዳ ሥር ቀበሩለት። ከመሣሪያው የወጣው ቀጭን ሽቦም በደም ሥሩ አልፎ ልቡ ውስጥ ገባ። አቶ ዘርጋው ዳነ። እንደ ድሮው ቆሞ መሄድ፣ እንደ ድሮውም ማዘዝ ጀመረ።

በሦስተኛው ወር ለምርመራ ተመለሰ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። መዳፍ የሚያህል ማንበቢያ ደረቱ ላይ አሳርፋ በኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን መስመር ትመለከት ጀመር።

«ሥራውን እየሠራ ነው?» አለ አቶ ዘርጋው።

«በደንብ ይሠራል። እዚህ ጋ ይመልከቱ። ይቺ ቀጥ ያለችው መስመር መሣሪያው የላካት ናት። ከእሷ ቀጥላ የምትታየው ሰፊዋ ደግሞ የልብዎ መልስ ናት።»

«የምን መልስ?»

«መሣሪያው እኮ ልኬያለሁ ብሎ አይቀመጥም፣ አባቴ። በላከ ቁጥር ልብዎ መምታቱን ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። መልስ ካጣ በዓይን ቅጽበት፣ ከበፊቱ አጠንክሮ ይደግመዋል። በየቀኑም ራሱን ይፈትናል። ልብዎን ለመቀስቀስ የሚበቃው ምን ያህል እንደሆነ ይለካና፣ ለጥንቃቄ ጥቂት ጨምሮበት ይልካል። ያለ ልክ እየላከ ባትሪውንም አይጨርስም።»

አቶ ዘርጋው የሃያ ዓመት ልማዱ አፉ ላይ መጣበት። «ሦስቴ ልኮ ሦስቴም ባይመልስለትስ?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ሦስቴ ልኬ መልስ አጣሁ ብሎ ቢተወው ኖሮማ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም ነበር! ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት ልብዎ ሦስት ጊዜ አልመለሰም። ይኸው ተመዝግቧል። መሣሪያው ሦስቱንም ወዲያው አጠንክሮ ደገመው። ከዚያም ራሱን ፈተሸና ኃይሉን ጨመረ። እርስዎ ምንም አልተሰማዎትም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የልቤ ነዋ።»

«ለምን የልብዎ ይሆናል? ሽቦው ተነቃንቆ ይሆናል፣ የተላከው ኃይል አንሶ ይሆናል። ዝም ያለ ልብ ሁሉ እኮ እንቢ ያለ ልብ አይደለም። አንዳንዴ የተላከው ነገር አልደረሰውም ማለት ነው።»

አቶ ዘርጋው ሸሚዙን መቆለፍ ጀምሮ እጁ ቆመ። «እኛ ጋ አይሰማም» ያለችው የአጸደ ድምፅ፣ ያን ቀን ያልሰማው ድምፅ፣ አሁን ጥርት ብሎ መጣለት። ሸራው ሥር የተጨናነቀው ለቀስተኛ ታየው። ሐኪሟ «አመመዎት እንዴ?» ብትለው ራሱን ነቀነቀ። አላመመውም፤ አፍሮ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ደረቱ ውስጥ የተቀበረች ብረት ያወቀችውን ነገር እሱ ሽማግሌው፣ ዳኛው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አላወቀም።

መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲያታልል መጣ። ሰው ልኬ ስሟን ዝም ብዬ ባስመልስ ማን ያውቅብኛል እያለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት አማረው። ቤቱ ሲደርስ ግን ራሱ ሄዶ ለማየት ወሰነ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ሳህሌን ጠርቶ «ሁልጊዜ ከምትቆምበት ከአስፋልቱ ዳር ቁምና ንፋ» አለው። እሱ ራሱ ሄዶ አጸደ በር ላይ ቆመ። ወፍጮው ተነስቶ ነበር። ጠበቀ። ከወፍጮው ጩኸት በቀር ምንም የለም። አጸደ ለሥራ ወጣ ስትል ደጇ ላይ አየችውና ደነገጠች።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ሳህሌ ጡሩንባውን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ።

«ምነው አትነፋም?» አለ አቶ ዘርጋው።

«ኧረ ሦስቴ ነፋሁ!»

አቶ ዘርጋው አንዱንም አልሰማም። ወደ አጸደ ዞረ። «እውነትሽን ነበር» አለ። «ይቅር በይኝ። ስምሽ ዛሬውኑ ይመለሳል። ለሙት ዓመቱም ድንኳኑን እኔ ራሴ እተክለዋለሁ።»

አጸደ መቃኑን ተደገፈች። «ጋሼ፣ ድንኳኑን የፈለግኩት ያኔ ነበር» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም። አቶ ዘርጋው ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በዚህ መሃል የአስፋልቱ ዳር ሰዎች ጡሩንባውን ሰምተው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ጋሽ ሳህሌን ተከትለው በጠባቡ መግቢያ ገቡ። ሁሉም የእድሩ አባላት ናቸው። ዳኛውን አጸደ በር ላይ ሲያዩ እሱን ከበው «ማን ሞተ? ማን ሞቶ ነው?» አሉት።

አቶ ዘርጋው ቆቡን አወለቀ። በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ለገሰ ነው» አለ። «ከሞተ ሰባት ወር ሆነው። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያን ጊዜ ከዳኛው ጋር አብረው «ሕግ ነው» ያሉ ነበሩና እነሱም አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንዲት ሴት ወደ አጸደ ሄዳ አቀፈቻት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ለቅሶው በሰባት ወሩ ተለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ እድር ጡሩንባ ነፊው በየቤቱ ደጅ እየዞረ ይነፋል፤ ከውስጥ «ሰምተናል» የሚል ድምፅ ሳይሰማ ከበር አይሄድም። ዝም ያለ ቤት ካለም ገብተው «ደህና ናችሁ?» ይላሉ። አጸደ ለዳኛው ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን አትናገረውም። እሱም አይጠይቃትም።

ወዳጆቼ፣ «ነግሬዋለሁ፣ መክሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ወርዷል» ማለት ለሁላችንም ይቀልለናል። ወላጅ ለልጁ፣ አለቃ ለሠራተኛው፣ ባል ለሚስቱ ይህንኑ ይላል። መናገር ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መድረሱን ማየት ነው። ሳይደርሰው በቀረ ሰው ላይ የፈረደ ዳኛ የፈረደው በገዛ ስንፍናው ላይ ነው። እናንተስ «እንቢ አለኝ» ብላችሁ ከልባችሁ የፋቃችሁት ሰው አለ? ለመሆኑ ሰምቷችሁ ነበር?