የሊሊ ቅጠል ዳኞች

ስሙኝ ልንገራችሁ። ድሮ፣ ጣሳ ሲናገር አጥር ይመልስለት በነበረበት ዘመን፣ በአንድ አትክልት ቦታ አንዲት ሊሊ አበባ ትኖር ነበር። ከሥሯ ደግሞ እንሽላሊት ትኖር ነበር፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው።

አንድ ክረምት የሊሊ ቅጠል ይበሳ ጀመር። ዛሬ አንድ ቅጠል፣ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ቅጠሏ ካለቀ ደግሞ አፈር ውስጥ ያለው ሽንኩርት መሳይ ሥሯ የሚመግበው አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ሸንጎ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ኤሊ ነበር፤ ሲቸኩል ታይቶ ስለማያውቅ አስተዋይ ነው ይሉታል። ሁለተኛው ዳኛ የእሾህ አጥሩ፣ ሦስተኛዋ የውሃ ማጠጫዋ ጣሳ ነበሩ።

እንሽላሊት ቀድማ ቀረበች። ቅጠሉን የሚበላው ቀዩ ጥንዚዛ መሆኑን፣ ልጆቹ ትሎችም የገዛ ኩሳቸውን ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ከቅጠሉ ሥር ተደብቀው እንደሚበሉ ተናገረች። ትሎቹን በየጠዋቱ እየለቀመች፣ ድንጋይ ላይ እያሸች ትበላቸዋለች፤ አባታቸውን ግን ልትይዘው አልቻለችም።

ጥንዚዛው ተጠራ። ልብሱ ቀይና የሚያብረቀርቅ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። እሱ አጥሩ ላይ የሚያድር ምስኪን እንደሆነና የሊሊን ቅጠል ቀምሶ እንደማያውቅ ተናገረ። አጥሩም መሰከረለት። ጥንዚዛው እሾሁ ላይ ሲያርፍ አጥሩ ያበበ ይመስል ነበርና ይወደዋል።

ሊሊም ተጠየቀች። ማን እንደሚበላት ታውቅ ነበር። ነገር ግን ፍየል የሚከለክልላት አጥሩ ነው።

"ጌቶቼ፣ ፊቴ ወደ ሰማይ ነው" አለች። "ከኋላዬ የሚሆነውን በምን አያለሁ?"

እንሽላሊትም ሄደው በዓይናቸው እንዲያዩ ለመነች። ኤሊ እግር የሌላትን ጣሳ በጀርባው አዝሎ ሄደ። ጥላቸው ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ጥንዚዛው እግሩን አጥፎ ዱብ አለ፤ በጀርባውም ተንጋለለ። ሆዱ ጥቁር፣ አፈሩም ጥቁር። ቅጠሉ ላይ ማንም የለም። ሁለተኛ ሄዱ። ጥላቸው አረፈ፣ ጥንዚዛው ዱብ አለ፣ ማንም የለም። ሦስተኛ በጓሮ በኩል ዞረው ሄዱ። ጥላቸው አረፈ፣ ጥንዚዛው ዱብ አለ፣ ማንም የለም። ያገኙት ከቅጠሉ ሥር የተለጠፈ እርጥብ ኩስ ብቻ ነው።

"ይሄ የማን ነው?" አለች ጣሳዋ።

"ጥረጉት፤ ከሥሩ ትል አለ" አለች እንሽላሊት።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኩስ ልጠርግ?" አለ ኤሊ። "ከዚህ ቅጠል ሥር ካንቺ በቀር የሚኖር የለም። ኩሱም ያንቺ ነው።"

እንሽላሊት ቅጠል በመብላትና ስም በማጥፋት ጥፋተኛ ተባለች፤ ከአትክልት ቦታው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ውጪ እንድትኖርም ተፈረደባት። ወጣች። ለቃሚ ያጡት ትሎች በዙ።

አንድ ቀን ነፋስ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነጭ ነጠላ አምጥቶ ከሊሊ ሥር አነጠፋት። ኤሊ በዚያ ሲያልፍ ጥላው ቅጠሉ ላይ አረፈ። ጥንዚዛውም እንደ ልማዱ ዱብ አለ። ነጠላዋ ላይ ተንጋሎ፣ ጥቁር ሆዱን ገልጦ ቀረ።

"አንሱልኝ ይሄን" አለች ነጠላዋ። "የጎረሰውን እንኳ አልዋጠም።"

ኤሊ ረገጠው። አጥሩ ድሮም ይጠረጥረው እንደነበር ተናገረ።

ትሎቹ ግን ኩሳቸውን እንደተሸከሙ መብላታቸውን ቀጠሉ። ጣሳዋ አልነካም አለች፤ አጥሩም አልነካም አለ። ያኔ እንሽላሊት ትዝ አለቻቸው። ኤሊም ወደ ካቡ ሄደ።

"እንኳን ደስ አለሽ። ሸንጎው ይቅርታ አድርጎልሻል" አላት። "ግቢ።"

"ከምኑ ነው ይቅር ያላችሁኝ?"

"ካለፈው።"

"ያለፈው ጥፋት የኔ አይደለም፣ አባ ኤሊ። ይቅርታችሁን ያዙት። ፍርዱ ስህተት ነበር ብላችሁ ሁሉም በሰማበት ተናገሩ። ዛሬውኑ ገብቼ ትሎቹን እለቅማለሁ።"

ኤሊ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ አስገባ። ከዚያ ብቅ አለና "ፍርዳችን ስህተት ነበር ካልን፣ ለኛ ምን ይቀረናል?" አለ።

"ሊሊ ትቀራችሁ ነበር" አለች።

ኤሊ ተመልሶ፣ እንሽላሊት ይቅርታ ተደርጎላት እንቢ ማለቷን ለሸንጎው አስረዳ። ትዕቢተኛ ናት ተባለ። ሊሊ በመጨረሻ እውነቱን መናገር ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን ትሎቹ ቅጠሏን ጨርሰው ግንዷን ይዘው ነበርና ድምጿ ደክሞ ከካቡ አላለፈም። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ዘነበ፤ ከመደቡ ላይ ምንም አልበቀለም። ሸንጎው ዛሬም ይቀመጣል፤ እንሽላሊትም ዛሬም ከካቡ ውጪ ናት።

ተረቱ ይኸው ነው፤ እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ፍረዱ። የበደሉትን ሰው "ይቅር ብለንሃል" ማለት ዳግመኛ መበደል ነው።