ለይመኙሻል የተነፋው ጡሩንባ

ላውራ ወይስ ልተው? ተይው ያለ ጆሮውን ይድፈን፣ አውሪ ያለ ጠጋ ይበል። መሃል ላይ «ይሄንን እኮ ብለሽዋል» የሚለኝን ግን አልምረውም። አውቄ ነው የምደጋግመው።

እንግዲህ ዳገት ላይ የተሠራ አንድ ሰፈር አለ፣ የኛው ሰፈር። እዚያ ሰፈር ይመኙሻል የምትባል፣ ቀኑን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ክርና መርፌ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ስኳር ያዛት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ፍሬአለም ቤቷ ድረስ መጥታ ለካቻትና «እትዬ፣ ይሄ ስኳር ካልወረደ እግርዎን ይነካል። የሰፈሩን ሰው በማለዳ ሜዳ ላይ ልናራምድ ፕሮግራም ጀምረናል፣ እርስዎም ይምጡ። አትክልትም ያብዙ» አለቻት።

ይመኙሻል «እግር» የሚለውን ቃል ስትሰማ ክው አለች። ታላቅ እህቷ በዚሁ በሽታ እግሯ ተቆርጦ፣ ደጇን እንደናፈቀች ነው የሞተችው። ፈራች። ፈርታ ግን አልተኛችም፤ በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሸራ ጫማዋን አጥብቃ ወደ ሜዳው ወረደች። አስፋልቱን አይሱዙ ይዞታል፣ መንደሩ ዳገት ነው፣ ሰው ተረጋግቶ የሚራመድበት ቦታ ያ ሜዳ ብቻ ነው። በሩ ተቆልፎ አገኘችው።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ በሩን ይክፈቱልኝ፤ በር ካልተከፈተ አልራመድም፣ ካልተራመድኩ ስኳሩ አይወርድም» አለችው ጥበቃውን።

«አልከፍትም» አለ ጋሽ ወንድይፍራው። «የፕሮግራማችሁ ጎመን ጥግ ላይ ተተክሎ ይታይሻል? በሩን ገርበብ ካደረግሁት የብዙነሽ ፍየሎች ገብተው ድምጥማጡን ያጠፉታል። ጠብቅ ተብያለሁ፣ እጠብቃለሁ። ፍየሎቹ ይታሰሩ፣ ያኔ እከፍታለሁ።»

አያችሁልኝ? ብሉ ተብሎ የተተከለው ጎመን፣ ተራመዱ የተባሉትን ቆለፈባቸው። እኔ ብሆን ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። ይመኙሻል ግን ዞራ ወደ ብዙነሽ ቤት ሄደች።

«እማማ ብዙነሽ፣ ፍየሎቹን ይሰሩልኝ፤ ፍየል ካልታሰረ በር አይከፈትም፣ በር ካልተከፈተ አልራመድም፣ ካልተራመድኩ ስኳሩ አይወርድም።»

«አላስርም ልጄ» አሉ እማማ ብዙነሽ። «ታስረው ምን ሊበሉ? ድሮ ከአሰገደች ምግብ ቤት የድንች ልጣጭ፣ የካሮት ቅጠል በኬሻ አመጣላቸው ነበር። ዛሬ አሰገደች ልጣጭ የላትም። ልጣጭ ካለ ማሰር ነው፤ ከሌለ እነሱም እንደኔ ለምነው ይብሉ።»

ይመኙሻል ወደ አሰገደች ምግብ ቤት ሄደች።

«አሰገደች እህቴ፣ ልጣጭ ስጪ፤ ልጣጭ ከሌለ ፍየል አይታሰርም፣ ፍየል ካልታሰረ በር አይከፈትም፣ በር ካልተከፈተ አልራመድም፣ ካልተራመድኩ ስኳሩ አይወርድም።»

«ከየት አምጥቼ?» አለች አሰገደች። «ልጣጭ የሚገኘው አትክልት ሲሠራ ነው። አትክልት ሠርቼ ማን ይበላልኛል? የባጃጅ ልጆች ጥብስ ካልሆነ ዞር ብለውም አያዩኝ። ባለፈው የሠራሁትን ጥቅል ጎመን ለሦስት ቀን ራሴ በላሁት። እነሱ ይዘዙ፣ እኔ እሠራለሁ።»

ይመኙሻል እግሯ እየደነዘዘ ወደ ባጃጅ ተራ ሄደች። ተራ አስከባሪው ናሁሰናይ አንዱ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«ናሁዬ፣ አትክልት እዘዙ፤ አትክልት ካልታዘዘ ልጣጭ የለም፣ ልጣጭ ከሌለ ፍየል አይታሰርም፣ ፍየል ካልታሰረ በር አይከፈትም፣ በር ካልተከፈተ አልራመድም፣ ካልተራመድኩ ስኳሩ አይወርድም።»

«አይሆንም እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ናሁሰናይ። «ቁጭ ብለን ውለን ቁጭ ብለን እናመሻለን፣ አይርበንም። ያልራበው ሰው አፉ ያለውን ነው የሚበላው፣ የኛ አፍ ደግሞ ጥብስ ይላል። ድሮ ማለዳ ኳስ ተጫውተን ስንመለስ ያገኘነውን ነበር የምንጠርገው። አሁን ሜዳው ተቆለፈብን። በሩ ይከፈት፣ ይርበናል፣ እናዛለን።»

ይመኙሻል ባጃጁን ተደግፋ ቆመች። በር ካልተከፈተ አይርባቸውም፣ ካልራባቸው አትክልት አያዙም፣ ካላዘዙ ልጣጭ የለም፣ ልጣጭ ከሌለ ፍየል አይታሰርም፣ ፍየል ካልታሰረ በር አይከፈትም። ዞሮ ዞሮ እዚያው በር። «ተይው በቃ፣ ቤትሽ ውስጥ ወዲህ ወዲያ በይ» አሏት ጎረቤቶቿ።

«እህቴም ቤት ውስጥ ነበረች» አለቻቸው። አልቅሳ ነበር፤ ግን ያን ለቅሶ ይዛ ቤቷ አልገባችም። የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ጡሩንባውን ይንፉልኝ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። ሞተ አይበሉ። ‹እድርተኛ በሙሉ፣ ይመኙሻል ደጅ ድረስ› ብቻ ይበሉ። ውሸት አለበት?»

ጋሽ ሽብሩ አገላብጦ አሰበው፤ ውሸት አጣበት።

«ስሞት መንፋትዎ አይቀርም፤ በቁሜ ይንፉልኝ» አለችው። ነፋላት።

መቼም የኛን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ጡሩንባ ከተነፋ ማን፣ ለምን፣ መቼ ብሎ ነገር የለም፤ ነጠላውን ዘቅዝቆ መውጣት ነው። የይመኙሻል ቤት ደግሞ ባጃጅ የማይደርስበት የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ናሁሰናይና ጓደኞቹ የድንኳኑን ብረትና አግዳሚ ወንበሮቹን በትከሻቸው ተሸክመው እያለከለኩ ወጡ። አሰገደች ለምግብ ቤቷ ዘፍዝፋ ያሳደረችውን ስንዴና ሽምብራ ጣደች። እማማ ብዙነሽ ከሩቅ እያለቀሱ መጡ። ጋሽ ወንድይፍራው እንኳ ጎመኑን ጥሎ መጣ።

ይመኙሻል ሸራ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ማን ነው የ...» አለ ናሁሰናይ።

«መጀመሪያ ድንኳኑ ይተከል» አለች። ሐዘንተኛ አይነዘነዝም፤ ተከሉት። «ወንበሩ ይደርደር» አለች፣ ደረደሩት። «ንፍሮው ይምጣ» አለች፣ አሰገደች ጎላውን አስይዛ መጣች። የባጃጅ ልጆች አንዴ ዘገኑ፣ ደግመው ዘገኑ፣ ሲያፍሩም ሲዘግኑም ንፍሮው ተጋመሰ።

እማማ ብዙነሽ አልቻሉም። «ልጄ፣ ለማን እንደምናለቅስ እንኳ ንገሪን።»

«ማንም አልሞተም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ከመቀመጫው ተነሳ። «በእድር ይቀለዳል?»

«አልቀለድኩም ጋሼ» አለች። «እህቴ የሞተች ቀን ይሄንኑ ድንኳን እዚሁ ተክላችኋል። ከናንተ አንድ የቀረ አልነበረም። ሬሳዋን ተሸክማችሁ ይሄን ዳገት ወርዳችኋል፣ እግዜር ይስጣችሁ። እሷ ግን በሕይወት እያለች አንድ ቀን ደግፎ ያወረዳት ሰው አልነበረም፤ እኔም አላወረድኳትም። እኔ ስሞት እንደምትመጡ አውቃለሁ። ለሬሳዬ የምትመጡትን ያህል ለእግሬ ኑልኝ ነው የምለው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እማማ ብዙነሽ እውነተኛ እንባ አነቡ። ናሁሰናይ የጎላውን ቂጥ እየጠረገ ቆየና አንገቱን ደፍቶ «እትዬ አሰገደች፣ ያ ዳገት ነው መሰለኝ፣ አንጀቴ ታጥፏል» አለ። «ጥብሱ እስኪደርስ አልጠብቅም። ጥቅል ጎመን በካሮት ቢኖር ሁላችንም እንበላለን።»

በሉ አሁን ያዙኝ፣ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተፈታ። ልጆቹ ሲራባቸው አትክልት አዘዙ፤ አትክልት ሲታዘዝ አሰገደች ላጠች፤ ስትልጥ ልጣጩ ኬሻ ሞላ፤ ኬሻው ሲሞላ እማማ ብዙነሽ ፍየሎቹን አሰሩ፤ ፍየሎቹ ሲታሰሩ ጋሽ ወንድይፍራው ቁልፉን አወጣ፤ ቁልፉ ሲወጣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ይመኙሻል ገባች፣ ተራመደችም። ብቻዋን አልነበረችም። ፍሬአለም ከጎኗ፣ እማማ ብዙነሽ በምርኩዝ ከኋላ፣ የባጃጅ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው መሃል ላይ ነበሩ። አንዱን ዙር ስትጨርስ ፍሬአለም «ለዛሬ ይበቃዎታል» አለቻት።

«ይሄኛው የኔ ነው» አለች ይመኙሻል። «አንድ ደግሞ ለእህቴ።»

ስኳሩ ወዲያው አልወረደም፤ ቀስ እያለ ግን ወረደ፣ እግሯም ከነጫማው ይኸው አለ። ጋሽ ሽብሩ ዛሬም በየማለዳው የሜዳው በር ላይ ቆሞ ይነፋል፤ ለለቅሶ ረዘም አድርጎ፣ ለእርምጃ አጠር አድርጎ። ሰፈሩን የማያውቅ መንገደኛ ደንግጦ «ማን ሞተ?» ሲል እማማ ብዙነሽ ሳይቆሙ ይመልሱለታል፤ «ማንም እንዳይሞት ነው፣ ና ግባ።»

እኔም ወሬዬን እዚሁ ላይ ቆለፍኩ፣ በሩን ግን ክፍት ትቼዋለሁ። ዳቦውን ተዉት፤ አፌን በጎመን አብሱልኝ።