የዱቄት ሻጯ ምርቃት

አንዲት ዱቄት ሻጭ ነበረች። ስሟ ስንቅነሽ ነው። ቸር ነበረች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ከቸርነቷ ነው።

ተቀመጥ እንጂ ልጄ፤ ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አባ፣ በፍቅር ያደረግሁት ነገር እንዴት በደል ይባላል? ወንድሜን ስለወደድኩት ይቅርታ ልጠይቅ?» ብለኸኛል። የወንድምህ ሚስት በር እንደዘጋችብህም ነግረኸኛል፤ ስትነግረኝም ድምፅህ ከፍ ብሎ ነበር። እንግዲያው መጀመሪያ የዚችን ሴት ነገር ስማኝ፤ ከዚያ ወደ አንተ እንመለሳለን።

ስንቅነሽ የምትሸጠው በእሁድ ገበያ ነው፤ ገበሬው ምርቱን ያለ ደላላ ራሱ አምጥቶ በሚሸጥበት ገበያ። ሽንኩርቱ፣ ድንቹና ማሩ በአንድ ረድፍ፣ እህልና ዱቄቱ፣ ዳቦውም በሌላ ረድፍ ይዘረጋል። እርሷ ከባሏ ማሳ የመጣውን ስንዴና ማሽላ አስፈጭታ፣ ሸራዋን አንጥፋ በጣሳ ትሰፍራለች። ሰው ወደ እርሷ የሚጋፋው ስለ ምርቃቷ ነው። ሌላው ነጋዴ ሰፍሮ ሲያበቃ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ «ይኸው ምርቃት» ይላል። እርሷ ግን ገዢው «በቃ፣ በቃ» እስኪላት ድረስ እፍኟን እየሞላች ትጨምራለች። «እትዬ ስንቅነሽ ካልመረቀችልኝ ዳቦዬ አያምርልኝም» የሚሉ ነበሩ። ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ማንን ደስ አይለውም?

ከደንበኞቿ አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ እዚያው ረድፍ ጫፍ ላይ የምትሸጥ ወጣት እናት። ይህች ጋጋሪ ስንዴ የሚባል ነገር ቤቷ አታስገባም። የማሽላና የጤፍ ዱቄት ቀላቅላ፣ በኮባ ጠቅልላ ትጋግራለች። ትንሿ ልጇ የስንዴ አለርጂ አለባትና ነው፤ ከቀመሰች ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እናት ለልጇ ብላ የጀመረችው መጋገር ቀስ በቀስ መተዳደሪያዋ ሆነ። እንደ ልጇ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች እየሰሙ ከሩቅ ሰፈር ይመጡ ጀመር። ዳቦውን ከማንሳታቸው በፊት ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ስንዴ የለበትም?» እርሷም «የለበትም» ትላለች። ሰዎቹ የሚገዙት ያንን ቃሏን ነበር ብትል አልተሳሳትክም።

ለስንቅነሽም ነግራታለች። «እትዬ፣ አደራ፣ የኔን ማሽላ ለብቻ፣ በሌላ ጣሳ» ብላታለች። ስንቅነሽም እሺ ብላ ማሽላውን ከስንዴው አርቃ፣ የራሱን ጣሳ አድርጋለት ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን አምናበት አይደለም፤ ጋጋሪዋ ደስ ይበላት ብላ ነው። በእርሷ አገር የስንዴ ዳቦ የድግስ ነው፤ የማሽላ ዳቦ የሚበላው ሌላ ያጣ ሰው ነው። ታዲያ ስንዴ ሞልቶ ተርፎ ማሽላ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል? «ድሃ ናት፤ ኩሩ ድሃ» አለች በልቧ። «አጣሁ ከምትል አይስማማንም ማለት ቀለላት።» አዘነችላትም። ከልቧ አዘነችላት፤ ይህን አልጠራጠርም።

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። ለበዓሉ ሲባል ገበያው ቅዳሜም ቆሟል። ጋጋሪዋ መጥታ የተለመደ ማሽላዋን አሰፈረች፤ ፌስታሉን እዚያው ትታ ዕንቁላል ልትገዛ ወደ ማዶው ረድፍ ተሻገረች። ስንቅነሽ ፌስታሉን አየችው። ለፋሲካ ማሽላ! «ያች ሕፃን ለዓመት በዓል እንኳ ደህና ዳቦ አትቅመስ?» አለች። ከአንደኛ ደረጃው ነጭ የስንዴ ዱቄት እፍኟን ሞልታ ዘገነችና ማሽላው ውስጥ ጨመረችው። ሴትየዋ እንዳታፍር ብላም፣ እንዳይታወቅ አድርጋ በእጇ አገላበጠችው። ትንሽ ናት፣ አንድ እፍኝ፤ ምን ልታደርግ? ጋጋሪዋ ስትመለስ ፌስታሉን አስይዛ «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ሸኘቻት። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትገባ ልቧ ሞቅ ብሎት ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በመጣው እሁድ ጋጋሪዋ ዳቦ ሳትይዝ መጣች። ፊቷ ከስቷል። ስንቅነሽ ፊት ቆማ «እትዬ፣ ያለፈው ማሽላ ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶበት ይሆን? ቤቴን ሁሉ ፈትሼ ምንም አጣሁ» አለቻት።

ስንቅነሽ ሳቀች። «እንዴት አወቅሽብኝ በይ! እኔ እኮ እንዳይታወቅ አድርጌ ነበር። ከነጩ ስንዴ መርቄልሽ ነው። ዳቦው አማረ አይደል?»

«ልጄ በበዓሉ ጠዋት አንድ ጉርሻ ነው የበላችው» አለች ጋጋሪዋ። «ጤና ጣቢያ እስክንደርስ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ትንፋሿን ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። በመርፌ መለሱልኝ። እትዬ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ!» ይህን ብላ ሄደች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ደግነቱ ከዚያ ዱቄት ለሰው ገና አልጋገረችም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ «የለበትም» ብላ ለሰው ለመማል ድፍረት አጣች። በረድፉ ጫፍ ያለው ቦታዋም ባዶ ሆነ።

አሁን ስንቅነሽን እያት። መጀመሪያ ደነገጠች። ከድንጋጤዋ ቀጥሎ የመጣው ግን ቁጣ ነው። ያንን ቁጣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ይዘኸው መጥተሃል። «እኔ ምን አጠፋሁ? ሰርቄባት ነው? አጉድዬባት ነው? ከራሴ ጨምሬ በሰጠሁ!» እያለች ለግራ ጎረቤቷም ለቀኝ ጎረቤቷም ተናገረች። ረድፉ ሁሉ «አይ፣ ደግ መሥራት ድሮ ቀረ» ብሎ ፈረደላት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ዕድሜዋን ሙሉ ቸር ነሽ፣ ቸር ነሽ ሲሏት ለኖረች ሴት፣ ቸርነትሽ ሰው ሊገድል ነበር ብሎ ማን ይንገራት?

ቸር ናትና ነገሩን በስጦታ ልትጨርሰው ፈለገች። አንድ ዶሮና ለጋ ቅቤ በሰው እጅ ላከች። ሁለቱም ሳይነኩ ተመለሱ። ያን ጊዜ አለቀሰች። ለልጅቷ ያለቀሰች ይመስልሃል? የለም፣ ስጦታዋ ስለተመለሰባት ነው። አትፍረድባት፤ እኛም ብንሆን ያው ነን።

አንድ እሁድ አንድ ሽማግሌ ገበያ መጡ። ባዶውን ቦታ ቆመው አዩና «ያች የማሽላ ዳቦ የምትሸጠው ልጅ ዛሬም የለችም?» ብለው ጠየቁ። ሆዳቸው ስንዴ አይችልም፤ ዳቦ ከሚባል ነገር የእርሷን ብቻ ነበር የሚበሉት። አጠገቡ ያለችው ሌላ ዳቦ ሻጭ አዘነችላቸው።

«አባባ፣ ይኼኛው የበቆሎ ነው፤ ይውሰዱ።»

«ስንዴ አለበት እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ትንሽ ናት! እንዳይፈረፈር ብዬ ነው። ትንሽ ምን ታደርግዎታለች?»

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሽማግሌው ጦማቸውን እንዳይመለሱ አስባ ነው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው አመሰገኗትና ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ተመለሱ። ስንቅነሽ ግን የገዛ ራሷን ድምፅ የሰማች መሰላት። «ትንሽ ናት።» ይህንኑ ነበር ያለችው፤ ይህንኑ ብላ ነበር አንዲት ሕፃን ባጃጅ ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ። የቀረው ዱቄት ሳይሸጥ ሸራዋን ጠቀለለች።

ያኑ ለት ወደ ጋጋሪዋ ቤት ሄደች። ምንም አልያዘችም፤ ባዶ እጇን ሰው ቤት ስትሄድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ «በፍቅር ነው፣ እግዜር ምስክሬ ነው…» እያለች። በሩ ሲከፈት ግን ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ ብላ አየቻት። አንገቷ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው። ስንቅነሽ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

«ስንዴ ሲነካት ምን ትሆናለች?» አለች። «ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም። እስቲ አሁን ንገሪኝ።»

ጋጋሪዋ ነገረቻት። በመጀመሪያ ከንፈሯ እንዴት እንደሚነፋ፣ ቀጥሎ ዓይኗ እንደሚደፈን፣ ቀጥሎ ከጉሮሮዋ ሲር ሲር የሚል ድምፅ እንደሚመጣ። ልጅቷ ጎረቤት ልትጫወት ስትሄድ ምን ያጎርሷት ይሆን ብላ እናቷ ከበር እንደማትነቃነቅ። ስንቅነሽ መሃል አልገባችም። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምርቃት አትስጪኝ» አለች ጋጋሪዋ። «ልኩን ብቻ ስፈሪልኝ። የስንዴው ማዳበሪያ ሳይፈታ፣ በጠዋት፣ እጅሽን ታጥበሽ። ከዚያ በላይ አንዲት ነገር እንዳትጨምሪብኝ። የተጨመረ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ዕድሜዋን ገበያ ላይ ስትጨርስ፣ ምርቃት አትስጪኝ ያላት ሰው አልነበረም። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ መሰላት። ግን ዋጠችው። «እሺ ልጄ» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ጋጋሪዋ ማልዳ መጣች፤ እውነቱን ለመናገር ልትፈትናት ነው የመጣችው። ስንቅነሽ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ጠበቀቻት። የስንዴው ማዳበሪያ እንደታሰረ ነው። ጣሳውን ሞላች፣ አፉን በጣቷ ጠርጋ እኩል አደረገችው፣ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠችው። ሰፍራ ስታበቃ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ዱቄቱ ተነሣ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ልትዘግን ጎንበስ ካለች በኋላ ነው ትዝ ያላት። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ይህን ሁሉ ጎረቤቶቿ ያያሉ። «እትዬ ስንቅነሽ! ምነው ዛሬ ሰሰትሽ? የደሃ ልጅ አይተሽ ነው?» ብላ አንዷ ቀለደች፤ ረድፉ ሁሉ በሳቅ ተቀበላት።

አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር። «ራሷ ናት አትስጪኝ ያለችኝ» ብትል ስሟ ይድናል፤ ጋጋሪዋ ግን በገበያ መሃል ቆማ ለነገረኛ ሁሉ ስለ ልጇ ስታስረዳ ልትውል ነው። ስንቅነሽ እጇን መልሳ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። «አዎ፣ ሰስቻለሁ» አለች። ጋጋሪዋ ዓይኗን ከእርሷ ላይ አላነሣችም ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድ ጋጋሪዋ ቦታዋ ላይ ዳቦዋን ደርድራ ተገኘች። ልጅቷንም ይዛት መጥታለች። ማለዳ ነው፤ ስንዴው ገና አልተፈታም። «እትዬ፣ የቀረውን ዳቦ ከባጃጁ እስካወርድ ልጄን ያዥልኝ» አለቻት። ስንቅነሽ የታጠበ እጇን ደግማ ታጠበችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ስንዴ ገዢዎች ቆመው ሲያጉረመርሙ፣ እናትየው እስክትመለስ ማዳበሪያውን አልፈታችም።

እንግዲህ ወደ አንተ። ወንድምህ መጠጥ ከተወ ወዲህ ነፍስ ዘርቶ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹም እፎይ ብለው ነበር። በልጅህ ክርስትና ላይ «አልጠጣም» አለህ። እንደ ጋጋሪዋ፣ በግልጽ ነግሮሃል። አንተ ግን የኮራብህ መሰለህ። በዘመድ መሃል ባዶ መለኪያ ፊቱ አስቀምጦ ስታየው አላስችልህ አለና «በሞቴ! አንዲት መለኪያ ምን ታደርግሃለች?» ብለህ አረቄውን ቀዳህለት። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፍቅርህ የውሸት ነው አላልኩህም። የስንቅነሽም የእውነት ነበር። ነገር ግን ወንድሙን የሚወድ ሰው ምን እንደሚያስደስተው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚገድለውም ማወቅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ካልጠየቀና ካልሰማ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ሂድ። «በፍቅር ነው» የምትለዋን ቃል እዚህ እኔ ዘንድ ተዋት። ሚስቱ ከከፈተችልህ «ነግሮኝ አልሰማሁትም» በላትና ዝም ብለህ አድምጥ። ይህ ቀላሉ ነው ልጄ። ከባዱ የሚመጣው በሚቀጥለው ድግስህ ነው። ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ፣ ጠርሙስ ይዘህ ለእያንዳንዱ ስትቀዳ ወንድምህ ጋ ትደርሳለህ። በሞቴ አትበለው። እለፈው። «የገዛ ወንድሙን ነፈገው» ይሉሃል።

ይበሉህ።