የማዶ ልጆች ጥርስ

ፊታውራሪ አንበርብር ዘራቸውን ቆጥረው የማይጠግቡ ሹም ነበሩ። ይሁን እንጂ የልጆቻቸው የወተት ጥርስ ገና ሳይነቃነቅ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት፣ በዘርም በቋንቋም የሚለዩት ንብ አርቢዎች ልጆች ጥርስ ግን እንደ ጥጥ የነጣ ነው። ይህ ነገር ፊታውራሪውን አንገበገባቸው።

አንድ ቀን የማዶ ሰዎች የማር ግብራቸውን ሲያስገቡ፣ ፊታውራሪው ከመካከላቸው አንዲት መንጋጋ ጥርስና ምላሱ ብቻ የቀሩትን ሽማግሌ አስጠሩ።

«የደበቃችሁትን የጥርስ መድኃኒት ተናገር» አሉት። «ዘራችን ከዘርዎ ይሻላል ብትል ግን ትገረፋለህ።»

ሽማግሌው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኛ በምን ዘራችን እንኮራለን? ማር ቆርጠን የማንቀምስ ሞኞች ነን። መድኃኒቱስ እርስዎ ነዎት። ማሩን እስከ ሰፈፉ ስለሚወስዱልን የልጆቻችን ጥርስ የሚያበላሸው አጣ።»

ፊታውራሪው ፊታቸው ጠቆረ። «ማር ካልቀመስክ ታዲያ ያንተን ጥርስ ምን በላው?»

«የእኔንማ የጨረሰው መልሴ ነው» አለ ሽማግሌው። «ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሹማምንት በየመልሴ አንድ አንድ ጥርስ አወለቁኝ። ለእርስዎ የተረፈችው ይህቺ አንዲት መንጋጋ ናት።»