ባቄላዋን የወሰደው ውሻ

ሕግ አስከባሪን በተረት ማንሳት ድፍረት ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተረት ተረት ስላችሁም «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በረቱ ያለው በሰው አገር ነው።

ጡረታ የወጡ አህያ፣ በቅሎና ኤሊ በዚያ አገር ለየብቻቸው እያደሩ፣ ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ካርታ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ትጉሁ ፖሊስ ውሻ ደረሰባቸው። ትጋቱ በእውነት ያስደንቃል፤ በዚያው ሳምንት ጅብ ሦስት በግ በልቶ ነበር፣ ነገር ግን ጅብ ይሮጣል።

«እጅ ወደ ላይ! ቁማርተኞች! ያስያዛችሁት ገንዘብ የታለ?»

«የትኛውን እጅ ጌታው? ያለን እግር ነው» አለ አህያ።

«ገንዘብ የለም ልጄ፤ ይቺ ባቄላ ናት» አለች ኤሊ ዝግ ብላ። «ያሸነፈ ቤቱ ይወስዳታል። በማግስቱ ይዟት ካልመጣ፣ ምን አግኝቶት ይሆን ብለን ሄደን እናየዋለን። አምና በቅሎን ከወደቀችበት ያነሳናት በዚህች ነው።»

«ጥርስ ያለው ስለሌለን ስድስት ዓመት ኖራለች» አለች በቅሎ።

«ሕጉ ስለ ጥርስ አይናገርም!» አለ ውሻ፤ ባቄላዋንም በኤግዚቢትነት ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ከዛፉ ሥር ቢጠብቁት አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም እያዘገሙ ቤቱ ሄደው አንኳኩ፤ ብቅ ሲል አጥንት ዘረጉለት።

«ምነው ልጄ?» አለች ኤሊ። «ባቄላዋን ወስደህ ስትቀር ጊዜ፣ አሞት ይሆናል ብለን ሰጋን።»

ውሻ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እስከዚያ ቀን ደህና ነህ ወይ ብሎ ደጁን ያንኳኳ አልነበረም።

«ትንሽ አሞኛል» አለ። «ግቡ።»

ለሹመኛ አጥንት መስጠት በሕግ ምን እንደሚባል አውቃለሁና፣ እባካችሁ ይህን ለማንም አትንገሩ።